ጋሼ እኛ ቤት የሰነበተ ጊዜ

ሰውዬዬን ያወቅሁት ጆሃንስበርግ፣ ጀፕ በሚባለው የሐበሾች ገበያ፣ ብርድ ልብስ በምሸጥበት ሱቅ ውስጥ ነው። እህቱ ልታገባ ነበር። በዙሉዎች ወግ ሙሽራዋ የባሏን ዘመዶች ብርድ ልብስ ታለብሳለች፤ አማት፣ አክስት፣ አጎት፣ ማንም አይቀርም። እሱ ሁለት አክስቶቹን አስከትሎ መጣ። አክስቶቹ በቀለም እርስ በርስ ተጣሉ፣ በዋጋ ከእኔ ጋር ተጣሉ፣ በመጨረሻ ሁላችንም ታረቅንና ተሸክመው ሄዱ። በማግስቱ ብቻውን ተመለሰ። «ቡናማው ለአማቷ አይሆንም ተባለ» አለኝ። ቀየርኩለት። ትንሽ ቀን ቆይቶ ደግሞ መጣ።

«አሁንስ የትኛዋ አክስት ናት ያኮረፈችው?» አልኩት።

«ማንም አላኮረፈም። ዛሬ የመጣሁት ምሳ በልተህ እንደሆነ ልጠይቅህ ነው።»

በልቼ ነበር። አልበላሁም አልኩት።

የሂሳብ አስተማሪ ነው። በጣም ረጅም ከመሆኑ የተነሳ ታክሲ ውስጥ ሲቀመጥ ጉልበቱን የሚያደርግበት ያጣል። ቀስ ብሎ ያወራል፣ ቶሎ ይስቃል። እኔ ደግሞ የዚያን ጊዜ ሰው ሲስቅልኝ እንኳ ዞር ብዬ ማን እያየን እንደሆነ የማጣራ ሰው ነበርኩ። ያደግሁት ሆሳዕና አካባቢ፣ እሁድ ሙሉ ቀን ጸሎት ቤት በሚዋልበት ቤተሰብ ውስጥ ነው። ወንድ ለሚወድ እንደኔ ላለ ወንድ የማውቀው ስም ሰባኪው ከመድረክ ላይ የሚወረውረው ስድብ ብቻ ነበር። ጆበርግ ከገባሁ በኋላ አንድ እንደኔው የሆነ ያዲስ አበባ ልጅ፣ እነሱ እርስ በርሳቸው «ዜጋ» እንደሚባባሉ ነገረኝ። የጥገኝነት ፔፐሬን ላሳድስ በየጊዜው ሰልፍ በምሰለፍበት አገር ዜጋ መባሌ አሳቀኝ። ቃሉን ግን ወደድኩት።

ቆይተን ዮቪል ሰፈር ውስጥ አንድ መኝታ ቤትና አንድ ሳሎን ያላት ቤት አብረን ተከራየን። ሕንፃው ያረጀ ነው፣ ሊፍቱ ከተበላሸ ዘመን አልፎታል፤ ኮንጎ፣ ዚምባብዌ፣ ናይጄሪያ፣ ሁሉም አለበት። እኛ ፎቅ ላይ አንዲት ኮንጎዋዊት ልብስ ሰፊ አለች። ሲንጀር መኪናዋ ከጠዋት እስከ ማታ ይጮኻል፣ በሯ አይዘጋም። እዚያ ሕንፃ ውስጥ ማንም ምንም አልጠየቀንም። ለሚጠይቀኝ ሐበሻ ሁሉ ግን «ከአንድ ያገሩ ሰው ጋር ቤት ተጋርቼ ነው» እል ነበር። ውሸት አይደለም፤ ሙሉውም አይደለም።

ከሁሉ በላይ ይህን የምለው ለጋሼ ነው። ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው። አባታችን ሲሞት እኔ ገና እናቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ፤ ያሳደገኝ እሱ ነው። ቀድሞኝ ደቡብ አፍሪካ ገባ፣ ሎኬሽን ውስጥ ስፓዛ ከፈተ። ሎኬሽን የምንለው ከከተማው ዳር ያሉትን ጥቅጥቅ ያሉ ሰፈሮች ነው፤ ስፓዛ ደግሞ ዳቦና ስኳር የሚሸጥባት የሰፈር ሱቅ። ከዚያ በኬንያና በማላዊ አዙሮ እኔን አስመጣኝ። ሚስቱና ልጆቹ ሆሳዕና ናቸው፤ ትቷቸው ከመጣ ወዲህ ትንሹ ልጁ አድጎ ትምህርት ቤት ገብቷል። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ሽማግሌ ነው፣ የተጣሉ ባልና ሚስት እሱ ጋ ይመጣሉ። እኔንና እሱን የሚያገናኘን ጀፕ ወይ ጸሎት ቤት ነበር። ቤቴን አይቶት አያውቅም።

እሱ ግን ስለ ቤቴ ማሰቡን አልተወም። አገር ቤት አንዲት ልጅ አስመረጠልኝ። ብዙዎቹ የአካባቢያችን ልጆች እንዲህ ነው የሚያገቡት፤ ሽማግሌ እዚያ ይላካል፣ ሙሽሪት በአውሮፕላን እዚህ ትላካለች። ፎቶዋ በስልኬ መጣ። ለሰውዬዬ አሳየሁት።

«ቆንጆ ናት» አለ። «እሷስ ምን አለች?»

«ማን ጠይቋት?»

«እንግዲያው ሁለታችሁም አልተጠየቃችሁም» አለና ስልኬን መለሰልኝ። ሲስቅ አላየሁትም።

እኔ «ቤት ላመቻች፣ ፔፐሬ ይስተካከል» እያልኩ ከወር ወር እገፋው ነበር። ጋሼም «እሺ፣ ግን አታርጅ» ይለኛል።

በዚያ ክረምት ሎኬሽኖቹ ተረበሹ፤ የውጭ አገር ሰው ሱቅ እየተመረጠ ይዘረፍ ጀመር። እዚህ ክረምት ማለት ደረቅ ብርድ ነው፣ ዝናብ የለውም። የመጀመሪያው ቀን ወሬ ነበር፣ በሁለተኛው ቀን ጀፕ ያለነውም ሱቃችንን ዘጋን። የጋሼ ስልክ አይሠራም። ሳሎኑ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል ውዬ ወደ ማታ ላይ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ።

«አለሁ» አለኝ። «አንዲት እናት ደንበኛዬ ጓዳዋ ደብቃኝ ነው የተረፍኩት። ሱቁ ግን ሄዷል፣ ፍሪጁም መደርደሪያውም። አንተ ጋ ልምጣ?»

«ና ጋሼ፣ ይሄም ይጠየቃል?» አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ሶፋው ላይ ዘጭ አልኩ። በመትረፉ ነው፣ በመምጣቱም ነው።

ሰውዬዬ ወንበር ላይ ሆኖ ያየኛል። ነገርኩት።

«ይምጣ እንጂ» አለ ወዲያው። ከዚያ ዞር ብሎ መኝታ ቤታችንን አየ። «እኔስ?»

እስክመልስ አልጠበቀም። ተነስቶ ቦርሳውን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረደ። «ሶዌቶ እህቴ ጋ እሰነብታለሁ» አለኝ። «ይህን የማደርገው ለወንድምህ ነው። ሱቁ በተዘረፈ ሰው ላይ ሌላ ሸክም አይጨመርም። ግን ስማኝ፤ ሰው በመጣ ቁጥር ከቤቴ እየወጣሁ አልኖርም። ሲረጋጋ ንገረው። እኔ የምፈልገው ይህን ብቻ ነው።»

ልብሱን አብሬው አጣጠፍኩ። እህቱ ሠርግ ላይ የተነሳነውን ፎቶ ከግድግዳው አወረድኩ። ጫማዎቹ ትልልቅ ስለሆኑ ቦርሳው አልበቃቸው አለ፤ በፌስታል ይዟቸው ወረደ። ደረጃው ላይ ቆሜ እስኪጠፋ አየሁት።

ጋሼ በነጠላ ጫማና በሰው ጃኬት መጣ። ጃኬቱን የሰጠችው ያቺ የደበቀችው እናት ናት፣ የሟች ባሏ ነው። እጅጌው አጥሮት የእጁ አንጓ ወጥቷል። አቅፎኝ ብዙ ቆየ። በላ፣ ጸለየ፣ መኝታ ቤታችን ገብቶ ተኛ። እኔ ሳሎን ሶፋው ላይ ሆንኩ።

ጋሼን ሥራ ፈትቶ አይቼው አላውቅም። ሥራ ሲያጣ ቤቴን ሥራ አደረገው። የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ጠገነ፣ የወጥ ቤቱን ግድግዳ አጠበ፣ የጀፕ ሱቆች ተከፍተው እኔ ወደ ሥራ ስመለስ ደግሞ ማታ ማታ ሽሮ ሠርቶ ይጠብቀኝ ጀመር። በየማታው ስለ ሱቁ ያወራል፣ ስለ ልጆቹ ያወራል፣ ከዚያ ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ ያርፋል።

«እግዚአብሔር ነፍሴን ለምን እንዳተረፋት ታውቃለህ? አንተን ሳልድር እንዳልሞት ነው።»

እንዲህ ያለን ሰው ምን ብዬ ልንገረው?

ሰውዬዬ በምሳ ሰዓት ይደውላል። የእህቱ ልጆች አልጋው ላይ እየዘለሉ አላስተኙትም፣ ከሶዌቶ ትምህርት ቤቱ ለመድረስ ጎህ ሳይቀድ ነው የሚነሳው። «ነገርከው?» ይለኛል። «ገና» እለዋለሁ። አንድ ቀን «ነገርከው?» ማለቱን ተወ። ይሄ ከሁሉም አስፈራኝ።

አንድ ዓርብ ከሥራ ስገባ ሽሮ የለም። ጋሼ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ጭኑ ላይ የታጠፈ ጥቁር ሱሪ አለ። ሱሪው የማን እንደሆነ ከበሩ ላይ ሆኜ አወቅሁ፤ እንደዚያ የሚረዝም እግር ያለው ሌላ ሰው አላውቅም።

እኔና ጋሼ የምናወራው በሀዲያኛ ነው። ነገር ሲከብድበት ግን ወደ አማርኛ ይዞራል፤ የስብከትና የሽምግልና ቋንቋው ነው። አሁን በአማርኛ ጀመረ።

«ጎረቤትህ መጥታ ነበር፣ ልብስ ሰፊዋ። ዚፑን ሠርቼዋለሁ፣ ስጠው ብላ ይህን ሰጠችኝ። የወንድምህ ‹ሀዝባንድ› ሱሪ ነው አለችኝ።» ቀና ብሎ አየኝ። «እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ሀዝባንድ ማለት ምን ማለት ነው?»

ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በር እየከፈተልኝ ነበር፤ «ተሳስታ ነው» ብል ምናልባት አብሮኝ ይዘጋው ነበር። ከእህቱ ቤት ጨለማ ውስጥ ተነስቶ ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ታወሰኝ።

«ባል ማለት ነው» አልኩት።

«የማን ባል?»

«የኔ።»

ሲንጀሩ ከወዲያ ማዶ ይጮኻል። ጋሼ ሱሪውን እንደገና አስተካክሎ አጠፈው፣ በመዳፉ ዳመጠው፣ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«አሁን ምንም አልልም» አለ። ተነስቶ መኝታ ቤት ገባና በሩን ዘጋ። በቤታችን ቋንቋ ሲጸልይ ሰማሁት። ስሜን ይጠራል።

ጠዋት ስነሳ የለም። አልጋው ተነጥፏል። ሱሪውም ከጠረጴዛው ላይ የለም።

ቅዳሜ ጀፕ ገበያ ነው፤ እንደዚያ ቀን የረዘመ ቅዳሜ ግን አላየሁም። ጋሼ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄዷል ብዬ ደመደምኩ። ከሱቁ በር ላይ ሐበሻ ባለፈ ቁጥር የመጡልኝ ይመስለኛል። አንዱ የቤተ ክርስቲያናችን ዲያቆን ገባ። የሕፃን ብርድ ልብስ ጠይቆኝ፣ ተከራክሮኝ፣ ባርኮኝ ሄደ። ለጋሼ ስደውል ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። ሰውዬዬም አያነሳም። አሁን ሁለቱንም አጣሁ ብዬ አሰብኩ።

ከሰዓት በኋላ ሰውዬዬ ደወለ። «ሱቁን ለሰው ስጥና ወደ ቤት ና» አለኝ። «ወንድምህ እዚህ ነው።»

«እዚህ የት?»

«ቤታችን።»

ድምፁ ውስጥ ምንም ማንበብ አልቻልኩም። ታክሲው እስኪሞላ አልንቀሳቀስ አለ፣ ሞልቶ ደግሞ መንገዱ አልላወስ አለ። ዮቪል ሳይደርስ ወርጄ ሮጥኩ። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። በራችን ላይ ስደርስ ትንፋሼን ለመሰብሰብ ቆምኩ፤ ከውስጥ የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። ሁለት ወንዶች በዙሉ ያወራሉ።

ለካ ደካማው የጋሼ እንግሊዝኛ ነው እንጂ ዙሉው እንደ ውሃ ነው። ሎኬሽን ውስጥ ለአሮጊቶችና ለልጆች ዳቦና የስልክ ካርድ ሲሸጥ ኖሮ፣ እኔ ጀፕ በእንግሊዝኛ የማልፈውን ሁሉ እሱ በዙሉ ነው የኖረው። የሆነውን በኋላ ከሰውዬዬ ነው የሰማሁት። ጋሼ ጠዋት በተከፈተው በሯ ገብቶ ልብስ ሰፊዋን «ይህን ለባለቤቱ በእጄ መስጠት እፈልጋለሁ» አላት። እሷ ደወለች። ሰውዬዬ ከሶዌቶ መጣ። ጋሼ ሱሪውን ሰጠውና «ተቀመጥ» አለው። ከዚያ ጠየቀው።

«እናትህ ታውቃለች?»

«ታውቃለች።»

«ምን አለች?»

«መጀመሪያ አላናገረችኝም። ቆይታ ‹ስትታመም ማን ያስታምምሃል?› ብቻ አለችኝ።»

ጋሼ ወንበሩን ወደ እሱ ጠጋ አደረገ። «ወንድሜ ትርፍ አንጀቱን የተቀደደ ጊዜ» አለ፣ «ስልኩን አንስቶ ‹አይዞህ ቡቲ፣ ነቅቷል፣ አጠገቡ ነኝ› ያለኝ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ከገባህ ጀምሮ ድምፅህን የት ነው የማውቀው እያልኩ ነበር።»

ቡቲ በዙሉ ወንድሜ ማለት ነው፤ ያኔ ጋሼ በስልክ ማን እንደሆነ ሲጠይቀኝ የሰፈሬ ቤተ ክርስቲያን የማውቀው ያገሩ ልጅ ነው ብዬው ነበር። ጋሼም ያንን ልጅ በስሙ ሳያውቀው በጸሎቱ ይመርቀው እንደነበር ለሰውዬዬ ነገረው።

ስገባ ጋሼ ወንበሩ ላይ ነው፤ ሰውዬዬ ጉልበቱን አጥፎ ሶፋው ጫፍ ላይ። ጋሼ ወደኔ ዞረና ወደ አማርኛ ተመለሰ።

«ተቀመጥ። እኔ የማምነውን ታውቃለህ። አልተለወጠም፣ ይለወጣል ብዬም አልዋሽህም። ስጸልይ ይህንንም ለእግዚአብሔር እነግረዋለሁ፣ እንዳትከለክለኝ።»

«አልከለክልህም።»

«ግን ሰውን ከቤቱ አስወጥቼ አልጋው ላይ ስተኛ ሰነበትኩ። ይሄ ነውር ነው። ለምን አልነገርከኝም?»

«ፈራሁ።»

«እንዳልመታህ?»

«እንዳላጣህ።»

ያን የሰው ጃኬት ለብሶ ነበር። አጭሩን እጅጌ ወደ ታች ሳብ ሳብ አደረገው።

«እኔ ሱቅ አጥቻለሁ» አለ። «ወንድም አልጨምርበትም።»

እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም። ሸክም ተሸክሞ ሩቅ የሄደ ሰው ሲያወርድ ቀለል የሚለው ወዲያው አይደለም፤ መጀመሪያ ይንገዳገዳል። እኔም እንደዚያ ነው የሆንኩት። ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። ሰውዬዬ አማርኛ ስለማይሰማ ደነገጠ።

«ምን አለህ? መጥፎ ነው?»

«አይደለም» አልኩት። «አይደለም። ምሳ በልተሃል?»

ጋሼ ይህን በእንግሊዝኛ ስናገር ገብቶት ኖሮ «አልበላንም፣ ሁላችንም አልበላንም» አለና ወደ ወጥ ቤት ሄደ። ሽሮውን ሲሠራ ልብስ ሰፊዋ ሳትጠራ መጥታ አብራን በላች። ሚስጥር አወጣሁ ብላ እንደምትጨነቅ ጠብቄ ነበር፤ «ዚፑ ጥሩ አልሆነም?» ብቻ ነው ያለችው።

እየበላን ሳለ አገር ቤት የተመረጠችልኝ ልጅ ትዝ አለችኝ። «የልጅቱስ ነገር?» አልኩት ጋሼን።

«እኔ እደውላለሁ።»

«ምን ትላቸዋለህ?»

«ይሄ አገር ልጅ የሚላክበት አይደለም፣ ሱቄ ሲዘረፍ በዓይኔ አይቻለሁ፣ እዚያው ይዳሯት እላለሁ። ውሸት ነው?»

ውሸት አልነበረም። በኋላ እንደሰማነው ልጅቷ ነርስነት ለመማር ተመዝግባ ኖሮ፣ ጉዞው ቀረ ስትባል እልል ብላለች አሉ። እሷንም የጠየቃት ሰው አልነበረምና በደስታዋ ደስ አለኝ።

ጋሼ ከዚያም በኋላ እኛ ጋ ሰነበተ። አልጋውን ግን በዚያው ቀን ለቀቀ፤ ብንለምነውም እንቢ ብሎ ሶፋው ላይ ተኛ። ሰውዬዬ ጫማዎቹን በፌስታል ይዞ ተመለሰ። ፎቶውን ወደ ግድግዳው መልሼ ስሰቅል ጋሼ አየው፤ «ያቺ አክስት ለምንድን ነው የተኮሳተረችው?» አለ እንጂ ሌላ አልተናገረም። ማታ ማታ ሁለቱ ኳስ እያዩ በዙሉ ይከራከራሉ፤ እኔ ግማሹ ብቻ ይገባኛል። በገዛ ቤቴ ተርጓሚ አስፈለገኝ እያልኩ አኮርፍ ነበር፣ የውሸት ኩርፊያ።

ሁሉም ነገር ቀላል ሆነ ማለቴ አይደለም። ሰውዬዬ ከቤት ሲወጣ ትከሻዬን ሲነካኝ ጋሼ ዓይኑን ወደ መስኮቱ ያዞራል። አንድ እሁድ ከጸሎት በፊት «ልትተወው የምትችል ይመስልሃል?» ብሎ ጠየቀኝ፣ በቁጣ አይደለም። «አይመስለኝም ጋሼ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀና መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ ወጣ። ደግሞ አልጠየቀኝም።

ሰፈሩ ሲረጋጋ ሰውዬዬ ከአጎቱ ባኪ የሚሉትን ፒክአፕ መኪና ተውሶ ጋሼን ወደ ሎኬሽኑ ወሰደው። እኔም ኋላ ላይ ተጭኜ ሄድኩ። ከሱቁ የቀረው ግድግዳው ነው። ያቺ የደበቀችው እናት ሮጣ መጥታ ጋሼን አንገቱን አቀፈችው፤ ጃኬቱን ሊመልስላት ቢያወልቅ አልቀበልም አለች። ከዚያ ወደ ሰውዬዬ እያየች «ይሄስ ማነው?» አለችው።

ጋሼ ጥቂት አሰበ። «የወንድሜ ሰው ነው» አላት በዙሉ።

«ታዲያ ያንተም ነዋ» ብላ የሰውዬዬን እጅ ጨበጠች።

ሰውዬዬ ይህን ሲተረጉምልኝ ጉልበቱ ላይ አቧራ ነክቶት ያራግፍ ነበር፤ ዓይኑን ግን ከእኔ ደበቀ።

አሁን ጋሼ ሌላ ሎኬሽን ከአንድ የስልጤ ሰው ጋር በሽርክና ሱቅ ከፍቷል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «ወንድምህን መቼ ነው የምትድረው?» ሲሉት «እሱ ቤት አለው» ብሎ ወደ ሌላ ወሬ እንደሚያልፍ ዲያቆኑ ነገረኝ። ዲያቆኑ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባውም፤ ጥሩ ሥራ ላይ ነህ ማለት ነው ብሎ አመሰገነኝ።

ባለፈው ሰሞን ጋሼ ሊጠይቀን መጥቶ ሳለ ሚስቱ ከሆሳዕና ደወለችለት። አውርቶ ሲጨርስ ስልኩን ለኔ አቀበለኝ። እሷ ምንም እንደማታውቅ እርግጠኛ ስለነበርኩ ወደ መስኮቱ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ስለ ጤና፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ልጆቹ ተጠያየቅን። ልንሰነባበት ስንል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አብሮህ ያለው ልጅ ጉንፋን ይዞታል ብሎኝ ነበር ወንድምህ» አለችኝ። «ተሻለው?»

ዞር ስል ሰውዬዬ ሶፋው ላይ የፈተና ወረቀት ያርማል፤ ጋሼ ሻይ እየቀዳለት ነው።

«ተሽሎታል» አልኳት።